የድሮ ፒካፕ ፍሪሲዮን ላይ «ዲስኩን ብቻ» አትበሉን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመኪና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ድሮ ፒካፖች ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነገር አለው። «ዋናው ዲስኩ ነው፣ እሱን ቀይሮ መገላገል ይቻላል» የሚለው ምክር ግን አልተዋጠልኝም። ዕድሜው ለገፋ ፒካፕ ይህ ማለት ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ማስለፋት ነው።

ዲስኩ ራሱ፣ በፍሪሲዮኑ ውስጥ እየተፋተገ የሚያልቀው ክብ ሰሌዳ፣ ምንም አይደለም፣ ልፋቱ እሱ ጋ መድረሱ ላይ ነው። መኪናው ተነስቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያርፋል (ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ከሥሩ ሰው ነው የሚገባው)፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይፈታል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል፣ በዚያ ላይ ለዓመታት የዛገው ቡሎን በቀላሉ እሺ አይልም። ይህ ሁሉ ተለፍቶ አንድ ዲስክ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ከወራት በኋላ ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ የሚያላቅቀው ቤሪንግ) መጮህ ቢጀምር ያው ካምቢዮ እንደገና ይወርዳል።

ከመፍታታችሁ በፊት ግን ጥፋተኛው በእርግጥ ፍሪሲዮኑ መሆኑን እዩ። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። ማርሽ አልገባ ብሎ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ደህና ሆኖ ችግሩ የፔዳሉን ግፊት የሚያደርሰው ፖምፓ ወይም ኬብል ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚመጣ ጩኸት ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ማርሽ ሳይገባ ፔዳሉን ስትለቁ የሚሰማና ስትረግጡ የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ የሚመጣ ነው። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ፒካፕ ከሆነም ዲስኩ በዝገት ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ «አልቋል» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ዲስኩ፣ ፕሬዠሩ (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው) እና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ። ቮላኖውም ይታያል። ሰማያዊ የመቃጠል ምልክት ወይም ጎድጎድ ካለው ወደ ቶርኖ ሄዶ ይላጣል፣ ጥልቅ ስንጥቅ ካለው ግን መላጡ አያድነውም፣ ይቀየራል። አዲስ ዲስክ በተበላ ቮላኖ ላይ ከገባ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየውም «መለዋወጫው ፎርጅድ ነው» እያለ ሻጩን ይረግማል። ከቮላኖው ኋላ ያለውን የሞተሩን ኦይል ሲልም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን) አትለፉት። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ አዲሱን ዲስክ ያበላሸዋል፣ ዘይት የጠጣ ዲስክ ደግሞ በምንም ነገር ቢታጠብ አይመለስም።

በኮሎው (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሽም (የብረት ቀለበት) ብዙ ሰው ይረሳታል። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። የነሐስ ከሆነች ማውጫው ቀላል ነው፤ ቀዳዳውን በግራሶ ሞልቶ በልኩ የሆነ ብረት አስገብቶ በመዶሻ መምታት ነው፣ ግራሶው ራሱ ከኋላ ገፍቶ ያወጣታል። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ በመፈልፈያ አይታገልም። አዲሷ ዘይት የምትመጥ ዓይነት ከሆነች ከመግባቷ በፊት በሞተር ዘይት ውስጥ ትደር። ኩሽኔታውን በተመለከተ ግን ተቃራኒው ነው፣ ታሽጎ የመጣ ኩሽኔታ በቤንዚን አይታጠብም፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ታጥቦ ይወጣና ይደርቃል።

የድሮ ፒካፕ ሌላው ጣጣ መለዋወጫው ነው። የአንድ ሞዴል መኪኖች እንኳ በዲስክ ስፋትና በመሃሉ ባለው የጥርስ ብዛት ሊለያዩ ይችላሉ፣ በዚያ ላይ ከዚህ በፊት ማን ምን ገጣጥሞበት እንደነበር ባለቤቱም አያውቅም። ስለዚህ አሮጌው ተፈትቶ ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ፣ ጥርሱ ይቆጠር፣ አዲሱ ዲስክ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ገብቶ ያለ ችግር ሲንሸራተት ይታይ። በአሮጌዎቹ ፕሬዠሮች ላይ ደግሞ ባለ አንድ ሰፊ ስፕሪንግ ሳይሆን ባለ ብዙ ትንንሽ ስፕሪንግና ባለ ሦስት ጣት ዓይነት ታገኛላችሁ። ኩሽኔታው የሚጫናቸው ሦስቱ ጣቶች ቁመታቸው እኩል ካልሆነ ፍሪሲዮኑ በትክክል አይለቅም።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ ያላነሳው ነገር አቧራውን ነው፣ እኔን ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ዲስኮች አስቤስቶስ (ሙቀት የሚቋቋም ማዕድን) ነበረባቸው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በደንብ የታወቀ ነው። ካምቢዮ እንደወረደ በኮምፕሬሰር «ፉ» ማድረግ ግን ልማድ ሆኗል፣ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ልጅ እያለ ሳይቀር። እባካችሁ አይነፋ፣ በደረቅ መጥረጊያም አይጠረግ። ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ ይወገድ፣ ሠራተኛውም ለአስቤስቶስ የሚሆን ማስክ ያድርግ። ተራው የጨርቅ ማስክ አያስጥልም።

ሲገጠም ዲስኩ በማስተካከያ ዘንግ መሃል ይያዝ፣ ፊቱና ጀርባውም ይለይ፣ ተገልብጦ የገባ ዲስክ ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው ጉድ የሚያፈላው። የፕሬዠሩ ቡሎኖች አንዱ እስከ መጨረሻ ጠብቆ ወደ ሌላው አይኬድም፣ ፊት ለፊት እየተቀያየሩ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። በዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ ትንሽ ብቻ ይቀባ፣ ከበዛ ተረጭቶ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ካምቢዮው ሲገባ ደግሞ በዘንጉ ብቻ አይንጠልጠል፣ ክብደቱ የዲስኩን መሃል ያጣምመዋል። መጨረሻ ላይ ፔዳሉ በመኪናው ማኑዋል ልክ ይስተካከል። ኬብል ወይም ዘንግ ባላቸው መኪኖች ላይ ከላይ ትንሽ ክፍተት ከሌለው ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ይኖራል፣ አዲሱ ፍሪሲዮንም ቶሎ ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያለ ከባድ ጭነት በለስላሳው ንዱት።

በሚቀጥለው ዕትም ስለ አቧራው አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ፣ «ዲስኩን ብቻ» የሚለውንም ብታርሙት ደስ ይለኛል። የእናንተን ዓምድ ቆርጦ ጋራዥ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

አንድ የድሮ ፒካፕ ባለቤት