አልታሰርኩም እማዬ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? በስልክ ድምፄን ከሰማሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሚጡ ስታነብልሽ አጠገብሽ ሌላ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል። ቢኖርም ግድ የለም፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ መርካቶ ደርሷል አሉ።

አልታሰርኩም። ጥር ላይ ከሰርግ ስመለስ ጠጥቼ ስነዳ ተያዝኩ። ሁለት ቢራ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ከዚያ በላይ ነበር። መንገዱ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ግንቦት ላይ ዳኛው አንድ ዓመት ፕሮቤሽን ፈረደብኝ። እናንተ ጋ «በገደብ ለቀቁት» እንደሚባለው ነው። ቤቴ አድራለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ በየወሩ ለተቆጣጣሪዬ ሪፖርት አደርጋለሁ።

የከበደኝ ሌላው ነው። ካለሁበት የፍርድ ቤት ክልል ያለ ፈቃድ መውጣት አልችልም። ቨርጂንያ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ሥራ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ተከፍላለች። እኔ አሌክሳንድርያ፣ ምሥራቁ ውስጥ ነኝ። የታዘዘልኝ ሆስፒታል ሻርለትስቪል ነው፣ ምዕራብ። በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከጅማ አጋሮ ለመሄድ ደብዳቤ እንደ መለመን አስቢው።

ሕክምናው ለልቤ ነው። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን አሞኝ ኋላ ጉልበቴ ያበጠውን ታስታውሻለሽ። በየወሩ ለፔኒሲሊን መርፌ እጄን ይዘሽ ሆስፒታል ትወስጂኝ ነበር፤ እኔ እስክንደርስ አለቅሳለሁ። ከልጆች ጋር ወደ ጅሬን ስንወጣ ዳገቱ ላይ ቁጭ የምለው ለካ ስንፍና አልነበረም። በሽታው የልቤን ቫልቭ፣ ደም የሚያልፍበትን በር፣ አጥብቦታል። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ሐኪሜ እንዳለኝ ደረቴን አይከፍቱም። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገቡና ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው የጠበበውን ያሰፉታል። ይሄ በሽታ እዚህ እንደ እኛ አገር ብዙ አይታይም። ስለዚህ ሥራውን የለመደ ሰው ጋ ላከኝ።

መጀመሪያ ቀጠሮው በአምስት ቀን ደረሰልኝ። ደስ ብሎኝ ተቆጣጣሪዬ ጋ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ግን ጥያቄው በጽሑፍ፣ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መግባት አለበት ብላ የፈረምኩበትን ወረቀት አሳየችኝ። ሳላነብ ነበር የፈረምኩት! የሐኪም ደብዳቤ፣ የሆስፒታሉ አድራሻ፣ የምሄድበትና የምመለስበት ቀን፣ የት እንደማድር፣ ማን እንደሚነዳኝ፣ ሁሉንም ጠየቀች። ሆስፒታሉ ጋ ራሷ ደውላ አረጋገጠች።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ሂድና ና፣ ማን ያይሃል?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ጠበቃዬን ሳማክረው ግን ተቆጣ። ፈቃድ ሳልይዝ ወጥቼ ብያዝ ዳኛው ፕሮቤሽኑን ሰርዞ እስከ 6 ወር ሊያስረኝ ይችላል። ቀጠሮውን ሦስት ሳምንት አስገፋሁት። እስከዚያ ድንገት ቢያመኝስ ብዬ ሴትዮዋን ጠየቅኳት። «አምቡላንስ ጥራ፣ ለእኔ ከዚያ በኋላ ትደውላለህ» አለችኝ። ይሄን ስትለኝ ነው ትንሽ እንቅልፍ የወሰደኝ። ትናንት የፈቃዱ ወረቀት መጣ። ያ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ገጽ!

«ና ቤትህ ተኛ፣ ጸበሉም አለ» ያልሽውን ሰምቻለሁ። ከአገር ለመውጣት ግን ዳኛው ድረስ መሄድ አለብኝ፤ ጠበቃዬም ዓመቱ ሳያልቅ አትሞክረው ብሎኛል። ስለዚህ ለገና አልመጣም። ጋሼ እንዳይቀየሙኝ አንቺው ንገሪልኝ። የመጠጡን ነገር ግን ለእሳቸው ተይው።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ሐኪሞቹ ያን መርፌ ስንት ዓመት እንደተወጋሁ ጠየቁኝ። አፍሬ «እናቴ ታውቃለች» አልኳቸው። አንቺ ወረቀት አትጥይም። የሆስፒታሉ ካርድ ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬቶቼ ጋር ሳጥኑ ውስጥ መሆን አለበት። ሚጡ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ብዥ እንዳይል ደጅ አውጥተሽ፣ በብርሃን አንሺው።

ልጅሽ