አክተሩ ማነው?

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ነህ አቦ? እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ አራት ዓመት ሙሉ መሰንበት አይባልም።

ስልክህ ጠፍቶብኝ አይደለም የምጽፍልህ። እስካሁን «ጨራሹ» በሚል ስም ተመዝግበህ አለህ። መጨረሻውን ቀድመህ እየተናገርክ ስንቱን ፊልም ጨረስክብን! አንዳንዴ ቁጥርህን አውጥቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ ስልኩን መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። እናትህ ሲያርፉ ሐዋሳ ድረስ አልመጣሁም። ለአርባቸውም አልመጣሁም። ለሰማንያው እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እሱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ መደወል በየወሩ እየከበደኝ ሄደ። ምክንያት ነበረኝ። ጮክ ብዬ ስናገረው ግን ለእኔም አይረባኝም። ይቅር በለኝ። ይቺን ካልኩ ስለ ፊልም ላውራህ፤ ሌላ ወሬ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

ሱቄ ያው ቀፊራ አካባቢ ነው። እኔም ያው ቲቪ እየጠገንኩ አለሁ። ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ድሬ ይዘጋል፤ ሰው ይተኛል፤ ባጃጁ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይቆማል። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዙሬ ፊልም አያለሁ። የተጠገነ ቲቪ ሁለት ሰዓት ሳይሠራ ለባለቤቱ አይመለስም እላለሁ። ሚስቴ ይቺን አታምንልኝም።

ምርጫው ደግሞ የእኔ አይደለም። ሰው ድሮ ፊልም ቤት ሄዶ ፍላሽ ላይ ያስጭን የነበረውን ዛሬ ከቴሌግራም ያወርደዋል። ቲቪው ሲበላሽ ፍላሹ እንደተሰካ ያመጡልኛል። የሰው ፍላሽ ላይ የተገኘውን ነው የማየው። አንዱ ላይ አሥራ ሁለት የሕንድ ፊልም፣ ሌላው ላይ ከመሃል የጀመረ የቱርክ ድራማ፣ ሌላው ላይ የልጃቸው ሠርግ። ሠርጉንም አይቼዋለሁ። ረዘመ።

በቀደም የገጠመኝን ስማ። አንዲት ሴትዮ አርባ ሦስት ኢንች ቲቪ አመጡ። ድምፅ አለው፤ ምስል የለውም። በሽታው የታወቀ ነው፤ ከስክሪኑ ኋላ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሲቃጠሉ እንዲህ ይሆናል። ምስሉ አልጠፋም፤ የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ ብታበራ እንደ ጥላ ይታይሃል። ሰካሁት። ጨለማ። ትንሽ ቆይቶ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይል ጀመር። ፓወር ሰፕላዩ ነው አልኩ፤ ሲታመም እንደዚያ ያደርገዋልና። ካቻቢቴ አንስቼ ጀርባውን ፈታሁት። ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም ደህና ናቸው። ቲክታው ግን እንዲያውም ፈጠነ። ላቤ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጆሮዬን ወደ ቦርዱ ደፍቼ ስፈልግ ስፈልግ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ተከትሎ ፍንዳታ። ለካ ፊልም ነው! ፍላሹ ካቆመበት ቀጥሎ ነው።

ፊልሙ «ዳንከርክ» ነው፤ ክሪስቶፈር ኖላን በ2017 እ.ኤ.አ. የሠራው። በኋላ ሳነብ ያ ቲክታ የዳይሬክተሩ የገዛ የእጅ ሰዓቱ ድምፅ ሆኖ አገኘሁት። ቀድቶ ለሃንስ ዚመር ላከለት፤ ዚመር ደግሞ ሙዚቃው ውስጥ ከተተው። በሰውየው ሰዓት ምክንያት ነው እንግዲህ እኔ ድሬ ላይ ቲቪ የፈታሁት። ግማሹን ፊልም በጨለማ ሰማሁት፤ አልፎ አልፎ ባትሪዬን እያበራሁ አንዴ የብረት ቆብ፣ አንዴ ግማሽ ፊት ብቻ እያየሁ። በፊልም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መብራቶቹን ቀይሬ በሙሉ ምስል ስደግመው ያን ያህል አልፈራሁም።

ታሪኩ እውነት ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ጀርመን ፈረንሳይ ባሕር ዳር ላይ የከበበችው ጦር ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከ338 ሺህ በላይ ወታደር በመርከብም በትንንሽ የግል ጀልባም ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ፊልሙ የምድሩን አንድ ሳምንት፣ የባሕሩን አንድ ቀን፣ የአየሩን አንድ ሰዓት እያቀላቀለ ነው የሚያሳይህ። መጀመሪያ ፍላሹ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጠላት ፊቱ አይታይም። ጥይቱ ከየት እንደመጣ አታውቅም። አክተሩ ማን እንደሆነም ለማወቅ ትቸገራለህ።

እዚህ ላይ እናትህ ትዝ አሉኝ። ገንደ ቆሬ፣ እናንተ ቤት፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን። ፊልሙ ገና ሳይጀምር «አክተሩ ማነው?» ይሉ ነበር። እናሳያቸዋለን። እሱን ብቻ ይከታተላሉ፤ ሌላው ቢያልቅ ግድ የላቸውም። የእኛ ሕግ ደግሞ አክተሩ አይሞትም ነው። አንድ ቀን ሞተ። ብድግ ብለው «አክተሩ ከሞተ ምን ልትሠሩ ትቀመጣላችሁ? አጥፉትና ብሉ» አሉን። በዚህ ዓይነት «ዳንከርክ»ን አምስት ደቂቃም አያዩለትም ነበር።

አሥር አለቃን ታስታውሰዋለህ? ያ እያነከሰ የሚሄደው፣ ካራማራ የነበረው። አሁን ከሰዓት በኋላውን እኔ ሱቅ ነው የሚያሳልፈው። ጫቱንና ውሃውን ይዞ ይመጣል። የጦርነት ፊልም አይወድም፤ ግን አንድም አያመልጠውም። ትችቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እነዚህ ሰዎች ውሃ አይጠማቸውም?» ይላል። መድፍ ይተኮሳል፣ ታንክ ይነዳል፣ ሰው ይሮጣል፤ ኮዳውን የሚነካ የለም። «የካቲት 26 ቀን 1970 ድል ሆነ ይባላል፤ እኔ የማስታውሰው ከንፈሬ መሰንጠቁን ነው» አለኝ አንዴ። ከዚያ በላይ አያወራም፤ እኔም አልጠይቀውም።

«ዳንከርክ»ን ሳሳየው መጀመሪያ ላይ ያ ወጣት ወታደር ከተማው ውስጥ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አንስቶ ሊጠጣ ይሞክራል። አሥር አለቃ ጫቱን አቆመ። «ይሄን የሠራው ሰው ጠይቋል» አለ። በቃ፤ እስከ መጨረሻው ድምፁ አልተሰማም። እኔ ስለ ሰዓቱ ቲክታ ላስረዳው ብጀምር በእጁ ዝም አሰኘኝ።

በሳምንቱ «1917» ተገኘ፤ የሳም ሜንዴስ ነው፤ ከአያቱ ከሰማው ወሬ ተነሥቶ የሠራው። ካሜራው ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ የሚሄድ ነው የሚመስለው። አንዱ ወታደር የተተወ እርሻ ውስጥ ወተት አግኝቶ ኮዳውን ይሞላል። አሥር አለቃ አጨበጨበ። ሁለት ናቸው መልእክቱን ይዘው የሚሄዱት፤ እኔ አንደኛው አክተር ነው ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። የቱ እንደሆነ አልነግርህም። እኔ እንዳንተ አይደለሁማ።

ትሪለር ላይ ግን ከአሥር አለቃ ጋር አንስማማም። እሱ ገዳዩ ቶሎ ይታወቅና እንገላገል ባይ ነው። እኔ መዘግየቱን ወድጄዋለሁ። «ጆውስ»ን ድሮ አይተነዋል፤ ያ የሻርኩ ፊልም። ለጠጋኝ የሚሆን ታሪክ አለው። በ1975 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ሻርኩ ማሽን ነበር፤ ባሕር ላይ ሲያወጡት የጨው ውሃ አበላሸው፤ በየቀኑ ይቆማል። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ምን ያድርግ? ሻርኩን ደበቀው። በሱ ፈንታ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ በርሜልና ያቺን የሁለት ኖታ ሙዚቃ አሳየን። እኛም ሻርክ አይተን በማናውቅበት አገር፣ ደቻቱ በደረቀበት ወቅት አሸዋው ላይ ለመራመድ ፈራን! እኔ ብሆን ማሽኑን በአንድ ቀን ጠግኜ ፊልሙን አበላሽላቸው ነበር።

የእኛ ሰዎች ይቺን ነገር ቢሰሙልኝ። አንድ የአማርኛ «ልብ አንጠልጣይ» ፊልም አየሁ። ወንበዴው መኪና እየነዳ ስልክ ያነሣና ዕቅዱን ከሀ እስከ ፐ ይዘረግፈዋል። ማንን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚገድል። ከዚያ ሙዚቃው ይጮኻል፤ እንዳልሰማን። ምን የተንጠለጠለ ልብ አለ እዚህ ውስጥ? ደግሞ ሁሉም ቪላ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ማንም አያልበውም። መብራት አይሄድባቸውም። እኛ ጋ ገዳዩ ሊታወቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራቱ ይሄዳል፤ እሱ ነው ትሪለር ማለት። ባለፈው ሄዶ በማግስቱ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እህትየዋን ጠርጥሬ አደርኩ። እሷ አልነበረችም።

ድራማው የሚስቴ ክፍል ነው። ቃና በ2008 ሲጀምር የገባችበት የቱርክ ነገር እስካሁን አልወጣላትም። ያው ሁለት ሰው ይተያያል፤ ሙዚቃ፤ ይተያያል፤ ማስታወቂያ። አሾፍባት ነበር። ቱርክ ውስጥ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ መሆኑን፣ ለውጭ ሲሸጥ እየተቆራረጠ እንደሚያጥር ሳነብላት «ታዲያ ገና ብዙ መተያየት ተደብቆብናል ማለት ነው!» ብላ ተናደደች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። እኔም አሁን አሁን ምሳ በልቼ የምዘገይ እየመሰልኩ አብሬ አያለሁ። ለማንም እንዳትነግር።

አንድ ድራማ ግን አለ፤ ስለሱ በደንብ መጻፍም አልችልም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ዋናውን ሽልማት የወሰደው። አብረን ጀምረነው አንተ «ይከብዳል» ብለህ ያስጠፋኸኝን። ጨረስኩት። የገጠር ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ጦርነቱን አታየውም። የምታየው ልጆቹን የሚፈልጓቸውን ሰዎችና እናቶቹን ነው። እዚያ ጋ ሲደርስ አሥር አለቃ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ጫቱ እንኳ እንደተዘረጋ ነበር። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሁለት የቀዘቀዘ ውሃ ገዝቶ። አንዱን ሰጠኝ። ስለ ፊልሙ አላነሣም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ምክንያት ልምጣ። እህትህ ባለፈው ሳምንት ቤቱን ስታጸዳ የናንተን ቲቪ በባጃጅ ጭና አመጣችልኝ። ያንን ሆዱ ትልቁን። እናትህ በእጃቸው የጠለፉት ጨርቅም እላዩ ላይ ነበር። «የሚሠራ ከሆነ አንተው ያዘው፣ ካልሆነ ጣለው» ብላኝ ሄደች። አቧራውን አራገፍኩ፤ አንድ የላላ ብየዳ አጠበቅሁ። ሠራ።

የማግኔቱ ነገር ትዝ ይልሃል? ከተበላሸ ስፒከር ፈትተን ስክሪኑ ላይ ስናስጠጋው ምስሉ እየተጣመመ ሲያስቀን፣ በቀኝ በኩል ታች ጥጉ ላይ ወይን ጠጅ ጥላ ቀረ። እናትህ «ቮልቴጅ ነው» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ሲያስረዱ እኛ ፀጥ። እስኪሄዱ ድረስ አልነገርናቸውም፤ ወይስ አንተ ነግረሃቸዋል? ጥላዋ አለች። የሰው ፊት እዚያ ጥግ በደረሰ ቁጥር ወይን ጠጅ ይሆናል። አሥር አለቃ «ይሄ ሰውዬ ታሟል» ይላል።

እሷን የምታጠፋ የሽቦ ጥቅል አለችኝ። ስክሪኑ ፊት ለፊት ትንሽ ማዞር ነው፤ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። እስካሁን አልነካኋትም። ላጥፋት ወይስ ትቆይ? ደውለህ ንገረኝ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቅ ነኝ።

ወንድምህ፣
ከድሬ