ክረምት ሳይገባ የሰፈራችንን መጻሕፍት እናትርፍ

ውድ ጎረቤቶቻችን፣ በየአገሩ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆችም፣ በእድራችን አዳራሽ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ብል እየበላው ነው። የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

ሰሞኑን የአዲስ ዘመን ጥራዞችን ከመደርደሪያ አውርደን ነበር። ጋዜጣው ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ነው። እኛ ጋ ያሉትን ቅጾች የሰፈሩ አባቶች በገዛ ገንዘባቸው አስጠርዘው ነው የሰጡን። አንዳንዱ ጥራዝ ከሽፋኑ እስከ መሀሉ ተበስቷል። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት ፈሷል። ይህን የሚያደርገው የትንሽ ጥንዚዛ እጭ ነው። እንቁላሉ ጥራዙ ላይ ይጣላል፤ እጩ ወረቀቱንና ሙጫውን እየበላ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ቀዳዳው ከውጭ ሲታይ ገጹ አስቀድሞ ተበልቷል።

ገጽ ስንገልጥ ሽው የሚሉ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆኑ ነጣ ያሉ ነፍሳትም አሉ። እነሱ በብዛት የሚበሉት ሻጋታ ነው። ጉዳታቸው እንደ ጥንዚዛው አይከፋም። ግን እነሱ በዙ ማለት ቤቱ ረጥቧል ማለት ነው። ደግሞም እውነት ነው፤ ጣራው ያፈሳል።

«መድኃኒት ይረጭና ይለቅ» ያላችሁን እናመሰግናለን። እኛ ግን አልተስማማንም። ልጆች ተቀምጠው የሚያጠኑበት ክፍል ነው፤ የናፍታሊን ሽታ እንኳ ለጤና አይበጅም። እርጥበቱ ካልተወገደ ደግሞ ተባዩ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለቆርቆሮና ለኮርኒስ ይውላል። ቀጥሎ አንድ ዲፕ ፍሪዘር እንገዛለን። የተበላው መጽሐፍ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሸግና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። እጩም እንቁላሉም ይሞታል። ሲወጣ ቶሎ አይከፈትም፤ ቅዝቃዜው እስኪለቅ እንደታሸገ ይቆያል፣ አለዚያ ላቡ ወረቀቱን ያረጥበዋል። መብራት በመሀል ከጠፋ ቀኑን እንደገና መቁጠር ግድ ይሆናል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። (በየቤታችሁ ብራና ያላችሁ ይህን እንዳትሞክሩት። ብራናና የቆዳ ሽፋን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባለሙያ አማክሩ።) ገንዘቡ ከተረፈ የእንጨት መደርደሪያዎቹን በብረት እንቀይራለን፤ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገን አየር እንዲዞርባቸው እናደርጋለን።

የዋጋው ዝርዝር አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። መዋጮውን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። የሚሠራ አሮጌ ፍሪዘር ወይም የብረት መደርደሪያ ያለው ካለ እሱም ትልቅ እርዳታ ነው። አናጺና ቆርቆሮ መቺ ወንድሞቻችን፣ አንድ ቅዳሜ ስጡን። ሥራው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት።

መጽሐፍ ልትሰጡን ያሰባችሁ ግን ለጊዜው ቤታችሁ አቆዩልን። ጣራው ተጠግኖ ፍሪዘሩ ሲገባ በደስታ እንቀበላችኋለን።