ሻጋታ በቀለም አይድንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በእንጅባራና በዳንግላ ክረምቱ ሲበረታ የጭቃውም የብሎኬቱም ቤት ግድግዳ ይሻግታል፤ ብዙዎቻችንም ቀለም ቀቢ ጠርተን ጥቁሩን ነቁጥ እናስሸፍናለን። እኔም አምና ይህንኑ አድርጌ ነበር፤ ሻጋታው ግን ወር ሳይሞላው ቀለሙን ልጦ ወጣ (የከፈልሁት ገንዘብ ግን አልተመለሰም)። በረኪናም ቢሆን የላዩን ያነጣል እንጂ ጭቃው ውስጥ ዘልቆ የገባውን አያጠፋም።

የባለሙያ ሥራ የሚጀምረው እርጥበቱ ከቆርቆሮው ቀዳዳ፣ ከመሠረቱ ወይም ከቧንቧው መምጣቱን በመለየት ሲሆን፣ ምንጩ ከተደፈነ በኋላ ብናኙ በተለይ አስም ያለበትን ሰው እንዳይጎዳ ክፍሉን በላስቲክ ጋርዶና አፍንጫን ሸፍኖ የተበላሸውን ልስን ማንሣት፣ ግድግዳውንም በሚገባ ማድረቅ ይከተላል። በጎጃም ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ለግንበኞችና ለቀቢዎች ያስተምሩ ዘንድ ጋዜጣችሁ ጉዳዩን እንዲያነሣልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከእንጅባራ