የልጅነት መጫወቻዎቻችሁን ከተደበቁበት አውጡ

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን አንድ የልጅነት መጫወቻ ይዘን እንድንመጣ መስማማታችን ይታወሳል። የእኔ ከአሮጌ ሣጥን ሥር ተገኝቷል፤ የሩቢክ ኪዩብ ነው። ሃንጋሪያዊው መምህር ኤርኖ ሩቢክ እ.ኤ.አ. በ1974 ፈጥሮት ከ1980 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው ያ እያሽከረከሩ እያንዳንዱን ገጽ አንድ ቀለም የሚያደርጉበት ባለ ስድስት ቀለም እንቆቅልሽ።

አንዱ ቀይ ልጥፍ ጠርዙ ተቆልምሟል። ምክንያቱን ልናዘዝ፦ መፍታት ቢያቅተኝ 54ቱን ልጥፎች በጥፍሬ ልጬ በየቀለማቸው መልሼ ለጠፍኋቸውና «ፈታሁት!» ብዬ ጮኽሁ። ታላቅ ወንድሜ የተጨማደዱትን ጠርዞች በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ምንም ሳይናገር ኪዩቡን መለሰልኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የሌጎ ጡቦች (እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ መጫወቻዎች) ያሏችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተሠራው ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል። ካሴት የምታመጡ እርሳስ አትርሱ፤ የተዝረከረከውን ክር ሌላ ምን ይጠቀልለዋል? «የእኛ ዘመን ይሻል ነበር» የሚለውን ክርክር ግን እቤት ተዉት፤ መሰልቸቱም ሞልቶ ነበር።

የተሰበረም ቢሆን ይምጣ። ባትሪ ውስጡ የቀረ ካለ ቀድማችሁ አውጡት፤ ሲያረጅ ፈሳሽ እያንጠባጠበ ብረቱን ይበላዋል።