«615» የማን 615 ነው? ስለ ሂጅራ ዓመታት አጻጻፍ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ እስልምና አጀማመርና ስለ ቁርኣን መሰብሰብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ዓመቶቹ ግን ተደበላልቀዋል። ይህ የአንድ ጸሐፊ ስህተት አይደለም። በአማርኛ ስለ እስልምና ታሪክ ሲጻፍ በየጊዜው የሚደገም ስለሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታረም ዘርዘር አድርገን ጽፈናል።

ጽሑፉ ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ወደ ሐበሻ የተሰደዱት «በ615 ዓ.ም.» ነው ይላል። 615 የፈረንጅ ቁጥር ነው። ከውጭ መጽሐፍ ሲቀዳ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ቀርቶ «ዓ.ም.» ተለጠፈበት። በእኛ አቆጣጠር ስደቱ 607 ዓ.ም. ገደማ ላይ ይውላል። ጉዳቱ በስምንት ዓመት ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን 615 በእኛም አቆጣጠር የታወቀ ዓመት ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወጥተው መዲና የገቡት በመስከረም 615 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ያነበበ ወጣት ሁለቱን ስደቶች አንድ ያደርጋቸዋል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆሞ ከቁርኣን ምዕራፍ ከሱረቱ መርየም ያነበበበት ስደት ሌላ ነው፤ የእስልምናው ዘመን መቁጠሪያ፣ ዓመተ ሂጅራ፣ የሚነሳበት ስደት ሌላ። ጃዕፈር ከሐበሻ ወደ መዲና የተመለሰው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ሰሞን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ኸሊፋ ዑስማን ሙስሐፉን (በጥራዝ የተጻፈውን ቁርኣን) አስገልብጠው ወደየአገሩ የላኩት «በ650 ዓ.ም.» ተብሎ ታትሟል። ዑስማን (ረ.ዐ.) የተገደሉት በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ ነው፤ ይህም ሰኔ 648 ዓ.ም. ነው። እንደታተመው ከሆነ ሙስሐፉን የላኩት ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሆናል። ሥራው የተከናወነው ከ25 እስከ 30 ዓመተ ሂጅራ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህ ከ638 እስከ 643 ዓ.ም. ድረስ ያለው ነው። ከዚያ በፊት ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ 625 ዓ.ም. ገደማ፣ በኸሊፋ አቡ በክር ትእዛዝ ዘይድ ኢብን ሣቢት የሰበሰበው ቅጂ ነበረ። በኋላ በነቢዩ ባለቤት በሐፍሷ እጅ የቆየውና ዑስማን ለማስገልበጥ ያስመጡት እሱ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ዘሎታል።

ከዓመተ ሂጅራ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ከባድ አይደለም። የሂጅራ ዓመት በአማካይ 354 ቀን ከሲሶ ገደማ ነው፤ የእኛው 365 ቀን ከሩብ። ስለዚህ የሂጅራውን ዓመት በ0.9702 አባዙ፣ 613.91 ደምሩበት። ከነጥቡ በፊት ያለው ያ የሂጅራ ዓመት የገባበት ዓመተ ምሕረት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ365 ብታባዙት ከመስከረም 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን ላይ እንደገባ ይነግራችኋል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይስትም። በውጭ መጻሕፍት ያለው 0.970229 ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሠራ ነውና ለእኛ አትውሰዱት።

ከዚሁ ከሐረር ታሪክ እንሞክረው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሽምብራ ቆሬ ላይ የተዋጉት በ935 ዓመተ ሂጅራ ነው። 935 በ0.9702 ሲባዛ 907.14፤ 613.91 ሲደመርበት 1521.05 ይመጣል። ዓመቱ መስከረም 1521 አጋማሽ ላይ ገባ ማለት ነው፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ተደረገ። ብዙ ሰው ግን የሁለቱ ዓመታት ርዝመት እኩል ይመስለውና 614ን ብቻ ይደምራል። 1549 ያገኛል። ኢማሙ ያረፉት በየካቲት 1535 ስለሆነ፣ በዚህ ሒሳብ ከሞቱ ከ14 ዓመት በኋላ ሽምብራ ቆሬ ላይ ዘመቱ ማለት ነው። ስህተቱ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ለነቢዩ ዘመን የማይታየው በሐረር አሚሮች ዘመን ገደል ይሆናል።

«ከመቶ ሦስት ቀንስ» የሚባለው አቋራጭም አለ። ለግምት ይሆናል፤ ለኅትመት ግን አይበቃም። በ935 ላይ ተሠርቶ 613.91 ሲደመርበት 1520.86 ስለሚሰጥ ዓመቱን አንድ ወደ ኋላ ይስበዋል።

ክፍልፋዩን ዘንግቶ ማለፍም ያሳስታል። የሐረሩ አሚር ኑር የሞቱበት 975 ዓመተ ሂጅራ ሲሰላ 1559.86 ይሆናል። 0.86 ማለት ዓመቱ የገባው ሐምሌ ላይ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ 1560 ውስጥ ይውላል። ወሩ ካልታወቀ «1559/60» ብሎ መጻፍ ነው የሚገባው።

በቤታችሁ ወይም በሙዚየም ያሉ የጥንት ኪታቦችን (የዐረብኛ መጻሕፍትን) ዓመቱ የሚጻፍበትን መደምደሚያ ለምታነቡም የምንላችሁ አለ። ቁጥሩ ላይ አትቸኩሉ። በዐረብኛ አኃዝ ክብ ሆኖ የሚጻፈው አምስት ነው፣ ዜሮ አይደለም፤ ዜሮው ነጥብ ነው፣ ነጥቡም ከቆሻሻ ጋር ይመሳሰላል። ሁለትና ሦስትን የሚለያቸው አንዲት ጥርስ ናት፣ ቀለም ሲፈዝ ትጠፋለች። ጸሐፊው ዕለቱን ከጠቀሰ እሱን ያዙ፤ ጨረቃ በየአገሩ ስለምትታይ ቀኑ ከዘመን መለወጫ ሠንጠረዥ በአንድ ሊዛነፍ ይችላል፣ ዕለቱ ግን አይዛነፍም። «የጁምዓ ሌሊት» ተብሎ ከተጻፈም ቀኑ ከመግሪብ (ከፀሐይ መጥለቅ) ስለሚጀምር በእኛ አነጋገር የሐሙስ ማታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ሒሳብ ወደ ኋላ እስከፈለጉበት ድረስ አይሠራም። ዐረቦች ከእስልምና በፊት ወሮችን የሚያዘዋውሩበት ነሲእ የሚባል ልማድ ነበራቸው። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ የነቀፈው ሲሆን፣ የቀረውም በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ስለዚህ ለነቢዩ ራዕይ መጀመሪያና ለሐበሻው ስደት ዓመቱን «ገደማ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀን አትቁረጡ። አቆጣጠሩ ራሱ የተደነገገው በኸሊፋ ዑመር ዘመን፣ በ17ኛው ዓመት፣ በእኛ 630 ዓ.ም. ነው። እንደሚተረከው ምክንያቱ የደብዳቤ ነገር ነበር፤ የበስራው ገዥ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ከኸሊፋው የሚደርሱት ደብዳቤዎች ቀን የላቸውም ብሎ ጻፈ። «ሻዕባን» የሚል የወር ስም ብቻ ያለበት ሰነድ ቀርቦም የትኛው ሻዕባን እንደሆነ አልታወቀም ነበር።

አቆጣጠሩ ወዲያው ሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ሰነድ ዛሬም በቪየና አለ። በግብፅ፣ ሄራክሊዮፖሊስ ላይ በግሪክና በዐረብኛ የተጻፈ ፓፒረስ ነው፤ ለዐረብ ሠራዊት ለተወሰዱ 65 በጎች የተሰጠ ደረሰኝ። ዐረብኛው «ጁማደል ኡላ፣ 22 ዓመት» ይላል፤ ከፊደሎቹም አንዳንዶቹ ነጥብ አላቸው። ስለዚህ «ነጥብ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የኋለኛው ዘመን ነው» የሚለው አባባል አያስኬድም። ግሪክኛው ደግሞ ቀኑን በግብፅ ወር «ፋርሙቲ 30» ብሎ ጽፎታል። ፋርሙቲ የእኛ ሚያዝያ ነው፣ ቀኖቹም አንድ ናቸው። ያ ደረሰኝ የተጻፈው ሚያዝያ 30 ቀን 635 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት 22 ዓመተ ሂጅራ በታኅሣሥ መጀመሪያ 635 ይገባል፤ አምስተኛው ወር ጁማደል ኡላ ሲያልቅም በትክክል ሚያዝያ 30 አካባቢ ይደርሳል። የሂጅራና የእኛ ዓይነት አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኝተው የሚመሰክሩበት ይህን የመሰለ ሰነድ እያለ፣ የአማርኛ አንባቢ ዓመቱን በተሳሳተ ምልክት ማንበቡ ያሳዝነናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ይህን እርማት እንድታወጡልን እንጠይቃለን፦ የራዕዩ መጀመሪያ 602 ዓ.ም. ገደማ፤ የሐበሻው ስደት 607 ዓ.ም. ገደማ፤ ነቢዩ መዲና የገቡበት መስከረም 615፣ ዓመተ ሂጅራ የሚነሳበት የመጀመሪያው ወር ሙሐረም 1 ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 614፤ ያረፉበት 11 ዓመተ ሂጅራ፣ ሰኔ 624፤ የዑስማን ሙስሐፍ ከ638 እስከ 643። ከዚህ በኋላም የሂጅራው ዓመት መጀመሪያ፣ የእኛው ቀጥሎ ይጻፍ፤ የፈረንጁ የግድ ካስፈለገ «እ.ኤ.አ.» ሳይዝ አይታተም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ ከሐረር ጁገል