የአስመራው አቀባበል የማን ነበር?

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሲገቡ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ደስታ፣ ለመሪዎቹ የተሰጠ ድጋፍ ብቻ ተደርጎ ሲጻፍ በተደጋጋሚ አነባለሁ፤ በዚህ አልስማማም። በዚያው ሰሞን በሁለቱ አገሮች መካከል የስልክ መስመሩ ሲከፈት፣ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ከ20 ዓመት በኋላ የእህታቸውን ድምፅ ሰምተው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቃል አልወጣ ብሏቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የሁለቱ አገሮች የድንበር ጦርነት ስለተነሳባት ባድመም ሆነ ጦርነቱን ስለቋጨው የአልጀርስ ስምምነት አንዳች አላነሱም፤ የጠየቁት እናታቸው የት እንደተቀበሩ ብቻ ነበር። የያኔውን እልልታ ለዛሬ የፖለቲካ ክርክር ማስረጃ የምታደርጉ ጸሐፊዎች፣ የየብስ ድንበሩ ተከፍቶ ዳግም ሲዘጋ መንገድ ላይ የቀሩትን ቤተሰቦችም ጠይቃችሁ እንድትጽፉ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ